እባብ ያየ ጀርባ

የወገቤ ሕመም የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ክረምት ላይ ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም እኛ ጋ ድረስ የመውጣት አቅም ስለሌለው ግቢ ካለችው ቧንቧ እየቀዳን ነው የምናወጣው፣ ያን ቀን ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መጣ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግራና ቀኝ አንጠልጥዬ፣ ዓይኔ ገና በደንብ ሳይገለጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ እማማ በር ጋ ስደርስ ወገቤ ቀጭ አለ። ጀሪካኖቹን ግን አልደፋሁም፣ ውሃ ነዋ! ቀስ አድርጌ አስቀመጥኳቸውና እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፣ በቃ ከዛ መነሳት የለም። እማማ ድምፅ ሰምተው ነጠላቸውን ደርበው ወጡ፣ "እኔን! እኔን ልጄ!" እያሉ። ይቺን ነጠላ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ጠያቂው ሁሉ የየራሱን ምርመራ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ "ኩላሊትህ ነው" ይላል (እዚህ አገር ወገቡን የያዘ ሰው ሁሉ የኩላሊት በሽተኛ ነው፣ ኩላሊት ራሷ ስትታመም ምን እንደምንላት እንጃ)፣ ሌላው "ላብህ ሳይደርቅ ብርድ መትቶህ ነው"፣ አክስቴ ጸበል፣ የሥራ ባልደረባዬ ወጌሻ። ወጌሻውም ጋ ሄጃለሁ አልዋሽም፣ ሦስት ቀን እንደ በርበሬ ወቀጠኝና "ነርቭህ ተነስቶ ነበር፣ መለስኩት" አለኝ። ዳይክሎፌናክ የሚባል የማስታገሻ መርፌም ተወጋሁ። ብቻ በወር ከምናምኑ ደህና ሆንኩ፣ ሥራ ገባሁ፣ ረሳሁት።

ግን አልዳነም። ወይም ዳነ፣ ሕመሙ ግን አልሄደም። ይሄ ሁለቱ ነገር የተለያየ መሆኑ አሁን ነው የገባኝ፣ ያኔ እብደት ነበር የሚመስለኝ። አራተኛው ወር ላይ ከኮዬ ሳሪስ በሃይገር ስሄድ እያንዳንዷ ጉድጓድ ወገቤ ላይ ትመዘገብ ጀመር፣ በግራ ብቻ የነበረው ወደ ቀኝ ተሻገረ፣ ከዛ ዳሌዬ፣ ከዛ ጠዋት ሱሪ ስለብስ ቀበቶዬ ራሱ ያመኝ ጀመር። ቀበቶ! ያው የድሮው ቀበቶ፣ ያው የድሮው ቀዳዳ ላይ። አንድ ቀን ልጄ ከኋላ ሮጣ መጥታ ስታቅፈኝ ጮህኩባት። የ6 ዓመት ልጅ እጅ ምን ይመዝናል? እሷ አለቀሰች፣ እኔም መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ኤምአርአይ ታዘዘልኝ፣ ተበድሬም ቢሆን ተነሳሁ። ውጤቱ ላይ ኤል አራት ኤል አምስት በሚባሉት የወገብ አጥንቶች መሃል ዲስኩ፣ ማለትም አጥንቶቹ መሃል እንደ ትራስ የተቀመጠው ነገር፣ ወጣ ብሏል የሚል አለ። ዲስክ መንሸራተት! አለቀልኝ አልኩ። ከዛን ቀን ጀምሮ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነው የምራመደው፣ ጎንበስ አልልም፣ ልጄን አላነሳም፣ የጫማዬን ክር የምታስርልኝ ባለቤቴ ናት። ሕመሙ ደግሞ ያኔ ነው የባሰው።

ነገሩን የገለጠችልኝ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ናት። ወረቀቱን አየችና "ስንት ዓመትህ ነው ወንድሜ?" አለችኝ። 41 አልኳት። "ምንም ወገቡን አሞት የማያውቅ የአንተ እኩያ ሰው ከመንገድ ጠርተን ኤምአርአይ ብናነሳው ይሄው ሊወጣ ይችላል እኮ" አለችኝ። ፉገራ መስሎኝ ነበር፣ ቤት ገብቼ ጉግል ሳደርግ እውነቷን ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በእነሱ ነው) የወጣ ጥናት አለ፣ 33 ጥናቶችን ሰብስቦ 3110 ወገባቸውን ምንም የማያማቸው ሰዎች ሲነሱ ምን ታየ የሚለውን ያየ። በ20 ዓመታቸው 30 በመቶዎቹ፣ በ40 ዓመታቸው 50 በመቶዎቹ፣ በ80 ደግሞ 84 በመቶዎቹ ዲስካቸው ወጣ ብሏል፣ እና ምንም አያማቸውም! ሽበት በሉት። እኔ ሽበቴን አይቼ ነው ስድስት ወር ያልጎነበስኩት።

"ታዲያ ለምንድነው የሚያመኝ?" አልኳት፣ ትንሽ ተናድጄ ነበር። "ሥጋው ሽሯል" አለችኝ፣ "ነርቭህ ነው ገና ወሬው ያልደረሰው።"

በርበሬ የቀነጠሰ ሰው ይሄን ነገር ግማሹን ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ሲቀነጥስ ውሎ ማታ እጁን ለብ ባለ ውሃ ሲታጠብ እንደ ፈላ ውሃ ይለበልበዋል። ውሃው ግን አልፈላም። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የነርቭ ጫፍ ላይ ካለች ትንሽ በር ጋ ሄዶ ይጣበቃል፣ ያቺ በር በጤናዋ የምትከፈተው ሙቀቱ 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፣ ካፕሳይሲን ሲይዛት ግን በትንሽ ሙቀትም ብርግድ ትላለች። ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል አሜሪካዊ በ1997 ነው ያቺን በር ለይቶ ያወጣት፣ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ያሸለማቸው ነገር ውስጥ አንዷ እሷ ናት። (እናቴ ይሄን ስነግራት "ለበርበሬ ነው የሸለሙት?" አለች።) ሥጋ ሲጎዳና ሲያብጥም ሰውነት ራሱ የሚረጨው ኬሚካል ተመሳሳይ ሥራ ነው የሚሠራው፣ የነርቭ ጫፎቹን ቶሎ ደንባሪ ያደርጋቸዋል። ዳይክሎፌናክ የሚጠቅመውም እዚህ ጋ ነው፣ እብጠቱ ካለ። ከወራት በኋላ እኔን ያልጠቀመኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፣ ነገሩ ከጫፍ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ውስጥ ምን ሆነ የሚለውን እኛ ብሎክ በሆነ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ሌባ ገባ፣ የአንዷን ጎረቤት ቴሌቪዥን ይዞ ወጣ። ዘበኛችን ጋሼ ያን ሌሊት ተኝተው ነበር፣ ኮሚቴው በስብሰባ ላይ አዋረዳቸው። ከዛ በኋላ ፊሽካቸው ከአፋቸው አይወርድም። መጀመሪያ በማያውቁት ሰው ላይ ነፉ፣ ደግ። ከዛ ዕቃ በያዘ ሰው ላይ፣ ከዛ አምሽቶ በሚገባ ነዋሪ ላይ፣ በመጨረሻ ዳቦ ይዞ በሚገባ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ላይ። ኮሚቴው ደግሞ ሌላ ዘበኛ ጨመረ፣ ፓውዛ አስተከለ፣ በፓውዛው ደግሞ ድሮ የማይታየው ድመት ሁሉ ይታያል፣ ፊሽካው ድመትም ላይ ነው። ሌባው እኮ ከሄደ ቆይቷል፣ ቴሌቪዥኑም ተተክቷል። ጋሼ ግን ውሸታቸውን አይደለም፣ ከልባቸው ነው የሚነፉት፣ ፊሽካውም የእውነት ይሰማል፣ እኛም የእውነት እንነቃለን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፣ እሱ ነው።

ሕብለ ሰረሰር፣ ማለትም አከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ ውስጥ የሆነው ይሄው ነው፣ ፓውዛው ሳይቀር። ከሰውነት የሚመጣው የሕመም ወሬ መጀመሪያ የሚያርፈው እዛ ነው፣ እዛ ያሉት ሴሎች ተቀብለው ነው ወደ አንጎል የሚያሳልፉት። ሴሎቹ ላይ ኤንኤምዲኤ የሚባል መቀበያ አለ፣ በደህና ጊዜ ማግኒዥየም እንደ ውታፍ ደፍኖት ነው የሚቀመጠው። የሕመም ወሬው ሲደጋገም፣ ሳያቋርጥ ሲመታ ሲመታ፣ ውታፉ ይወልቃል፣ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፣ ሴሉም ራሱን ይቀይራል፣ ተጨማሪ መቀበያ ያወጣል፣ በትንሽ ነገር የሚተኩስ ይሆናል። ሌላ ዘበኛ፣ ሌላ ፓውዛ። ሎርን ሜንዴል የሚባል ተመራማሪ በ1966 እንዳሳየው ቀጫጭኖቹን የሕመም ነርቮች በተመሳሳይ መጠን ደጋግመህ ብትነካካቸው መልሱ ተመሳሳይ አይደለም፣ እያደገ ነው የሚሄደው።

ከሁሉ በላይ የደነቀኝ ግን ክሊፎርድ ዉልፍ የሚባል ተመራማሪ ሙከራ ነው፣ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው፣ በ1983 ለንደን ሆኖ ያሳተመው። የአይጥ የኋላ እግር በሙቀት ይጎዳል፣ ከዛ ሕብለ ሰረሰሩ ለንክኪ የሚሰጠው መልስ እንዴት እንደሚጨምር ይለካል፣ እስከዚህ ማንም ይገምተዋል። ቀጥሎ ግን የተጎዳውን እግር በማደንዘዣ ወጋው፣ ማለትም ከቁስሉ አንዲት ወሬ ወደ ላይ አትወጣም። ሕብለ ሰረሰሩ ተረጋጋ? አልተረጋጋም። እንደተቆጣ ቀጠለ። በቃ፣ ቁስሉ ዝም ብሎም ውስጡ ይጮሃል ማለት ነው። ይሄን ያነበብኩ ቀን ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩላት፣ ሁለተኛው ላይ "እሺ አልዋሸህም፣ ተኛ አሁን" አለችኝ።

ቀበቶዬም መልስ አገኘ። ንክኪን የሚያመላልሱ ወፍራም ነርቮች አሉ፣ ከሕመም ጋር ጉዳይ የላቸውም፣ እንደውም ሕመምን ያስታግሳሉ። ልጅ ሲወድቅ ጉልበቱን አሸት አሸት የምናደርግለት ለዛ ነው፣ ሜልዛክና ዎል የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1965 ሕብለ ሰረሰር ውስጥ በር አለ፣ ንክኪው ሲገባ በሩን በሕመሙ ላይ ይዘጋበታል ብለው የጻፉት ይሄን ነው፣ ዝርዝሩ ኋላ ላይ ቢታረምም ሐሳቡ አለ እስካሁን። ውስጡ ሲቆጣ ግን እነዛው የንክኪ ነርቮች የሕመም ሴሎቹን መቀስቀስ ይጀምራሉ፣ ያኔ ቀበቶም የልጅ እጅም ሕመም ሆኖ ይደርሳል። ከግራ ወደ ቀኝ መሻገሩ ደግሞ፣ እንግዲህ ከከተማ ዳር የሚኖር ሰው ያውቃል፣ ሌሊት አንድ ውሻ ቱሉ ዲምቱ በኩል ይጀምራል፣ ከዛ አጠገቡ ያለው፣ ከዛ ኮዬ በሙሉ፣ መጨረሻ ላይ የእኛ ግቢ ውሻ ይጮሃል ምን እንዳየ ግን ራሱም አያውቅም። የተቆጣ ሴል ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚነሳው።

አንጎልስ? አንጎል ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም፣ ወደ ታች የሚወርድ የራሱ ፍሬን አለው፣ ሕመሙን ከሕብለ ሰረሰር ሳይወጣ ሊያፍነው ይችላል። ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ የማደንዘዣ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከባድ ቁስል የቆሰሉ ወታደሮችን እያየ አብዛኞቹ ማስታገሻ አንፈልግም ማለታቸው አስገርሞት በ1946 ጽፎታል። በሕይወት ወጥተዋላ፣ ወደ ቤት ሊሄዱ ነው። ያ ፍሬን ግን በእንቅልፍ እጦት ይሳሳል፣ በፍርሃት ይሳሳል፣ እንደውም አንዳንዴ ነዳጅ ይሆናል። እኔ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ውሃ መጣ አልመጣ እያልኩ የምነቃ፣ ዲስኬ ሊበጠስ ነው ብዬ የምንቀጠቀጥ ሰው ነበርኩ፣ ምን ፍሬን ይተርፈኛል?

እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቁልኝ። ይሄን ሁሉ ያልኩት "ሐሳብ አብዝተህ ነው" ለሚሉት እንዲመቻቸው አይደለም፣ እነሱ ናቸው እንደውም በጣም ያስመረሩኝ። የተቀየረው ሴል ነው፣ ሥጋ ነው፣ ዓይን ስላላየው የለም አይባልም። ሰው ያመኛል ካለ ያመዋል፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። ደግሞ በተቃራኒው የቆየ የወገብ ሕመም ሁሉ ይሄ ነው ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ጭን መሃል ከደነዘዘ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ነው፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም የአከርካሪ ቲቢ የሚባል ነገር አለ፣ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። እኔ ይሄ ሁሉ ታይቶልኝ ነው የለም የተባልኩት።

አሁን ወደ እማማ። አምና መስከረም ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣባቸው፣ በግራ ከጀርባቸው ተነስቶ እስከ ጡታቸው ሥር። ልጅ እያሉ በጉድፍ የገባው ቫይረስ ነው፣ ነርቭ ሥር ተኝቶ ዕድሜ ሲገፋ የሚነሳው። ቁስሉ በወሩ ደረቀ፣ ቅርፊቱ ረገፈ፣ ልጆቻቸው እፎይ አሉ። ጥር ላይ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ነጠላቸውን አጣጥፈው ቀኝ ትከሻቸው ላይ ብቻ ጥለውታል። ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እንደዛ ሆነው ሲሄዱ ሰው "ምነው ሐዘን አለብዎት እንዴ?" ይላቸዋል፣ ነጠላ አለባበስ ወሬ ያወራል መቼም። ቀስ ብለው ነገሩኝ፣ "ነጠላው ያቃጥለኛል ልጄ። ነጠላ እኮ ነው። እሳት እንደነካኝ ነው የሚያደርገኝ።" ልጆቻቸው ደግሞ "ድነሻል እኮ እማዬ፣ ምንም የለም እኮ" ይሏቸዋል፣ ገልጠው ያያሉ፣ ቆዳው ንጹሕ ነው።

የእሳቸው ከእኔ ይለያል፣ የእሳቸውን ነርቭ ቫይረሱ ራሱ በልቶታል፣ የተጎዳ ነርቭ ማንም ሳይነካው ይተኩሳል፣ በዛ ላይ ሕብለ ሰረሰሩ ይቆጣል። የእኔ አይነቱን፣ ነርቩ ሳይቆረጥ አሠራሩ የተቀየረውን፣ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2017 ኖሲፕላስቲክ የሚል ስም አውጥቶለታል። ስሙ ለአፍ አይመችም፣ ግን ስም ማግኘቱ ራሱ አንድ ነገር ነው። ነጠላውና ቀበቶው ግን እህትና ወንድም ናቸው።

ሐኪም ጋ ሄዱና አሚትሪፕቲሊን በትንሹ ተጀመረላቸው፣ ማታ ማታ። ልጃቸው ስልኩ ላይ ፈልጎ "የድብርት መድኃኒት ነው! እናቴን እብድ አደረጓት!" ብሎ እኔ ጋ ወጣ፣ የምክር አገልግሎት የምሰጥ መስሎታል። በትንሽ መጠን ሲሰጥ ያንን ወደ ታች የሚወርደውን ፍሬን ነው የሚያግዘው፣ ከድብርቱ ጋር አይደለም ብዬ አስረዳሁት፣ ስለ ልባቸውና ስለ ማዞሩ ሐኪሙን ይጠይቅ ዘንድም ነገርኩት፣ በእሳቸው ዕድሜ ዝም ብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም። እማማ ግን በሳምንቱ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ምን አሉኝ፣ "እብድ ብሆንም እንቅልፍ የሚወስደው እብድ ነኝ።"

እኔስ ምን አደረግኩ? የሚገርም ነገር የለም። ፊዚዮዋ ጫማህን ራስህ እሰር አለችኝ፣ ያ ነበር የመጀመሪያው ልምምድ። ከዛ ግቢውን አንድ ዙር፣ በሳምንቱ ሁለት ዙር፣ ቢያምም ባያምም በተባለው ልክ፣ ደህና በሆንኩ ቀን ዘልዬ አምስት ዙር ሄጄ በነጋታው እንዳልተኛ። ሐሳቡ ጋሼን እንደማለማመድ ነው፣ ዳቦ የያዘውን ልጅ በየቀኑ በፊታቸው ማሳለፍ፣ ቀን በቀን፣ ምንም እንዳልተሰረቀ እስኪያምኑ። ውሃ በሁለት ሊትር ሃይላንድ ጀመርኩ፣ ጎረቤት ስቆብኛል፣ አንድ ሰውዬ በሃይላንድ እየቀዳ አራተኛ ፎቅ ሲመላለስ። ከዛ ባለ አምስት ሊትር። እንቅልፌን ደግሞ ውሃ መጣ እያልኩ ሪፖርተር የነበርኩበትን የብሎኩን የስልክ ግሩፕ ለባለቤቴ አስረክቤ ነው ያተረፍኩት።

ጠፍቷል? አልጠፋም። ከ10 ስንት ብትሉኝ ድሮ 7 ነበር፣ አሁን 3፣ ሃይገሩ ውስጥ ከኋላ ወንበር የተቀመጥኩ ቀን 6። ልጄ ግን ታቅፈኛለች፣ ቀበቶዬንም አጥብቄ ነው የማስረው፣ ከሳሁ መሰለኝ።

ባለፈው ሐሙስ ውሃ በጠዋት መጣ። ባለ 20ውን ጀሪካን ግማሽ ድረስ ሞልቼ፣ አንዷን ብቻ፣ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ያችው ደረጃ ላይ ስደርስ ወገቤ ነፋ፣ ሁሌም እዛ ጋ ነው የሚነፋው፣ ቦታውን ያውቃታል። አስቀመጥኩና ቆምኩ፣ ትንፋሽ ወሰድኩ። የእማማ በር ተከፈተ። ነጠላው ሁለቱም ትከሻ ላይ ነው፣ በግራ በኩል ግን በሁለት ጣታቸው ከቀሚሳቸው ነጠል አድርገው ይዘውታል።

"ዛሬም ነፋብህ?"

"ነፋ እማማ። እርስዎስ?"

"እኔማ እስከ ቅዳሴ መጨረሻ ቻልኩት" አሉና ጀሪካኑን አዩት። "ግማሽ ነው እንዴ የያዝከው? ና በል እንግዲህ፣ ቡና ቀርቧል፣ እሱም አይሮጥም።"